የሪራ ሰው የማይነካው ፍሬን

ሁንዴ የጎባ ሰው ሁሉ መካኒክ መሆኑን ያወቀው ሞተር ሳይክል ለመግዛት በተነሣ ሰሞን ነው። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ቢያማክር ሾፌሩ ከፊት ሆኖ መለሰለት። ዳቦ ቤት ቆሞ ቢያወራ ዳቦ ሻጯ የአጎቷ ልጅ ኤቢኤስ ያለው ሞተር ገዝቶ የደረሰበትን አንድ በአንድ ዘረዘረችለት። ኤቢኤስ ማለት ፍሬን ሲያዝ ጎማው መዞሩን ትቶ፣ ደርቆ እንዳይንሸራተት ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ይህን ያህሉን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ "ያለ እሱማ እንዳትገዛ፣ ነፍስህን አትጥላ" ይለዋል፤ ሌላው "ተው እባክህ! ለአስፋልት የተሠራ ቅንጦት ነው፤ ኮረኮንች ላይ ገደል ነው የሚከትህ" ይለዋል። ሁሉም የልቡን ከተናገረ በኋላ "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብሎት ይሄዳል። ሁንዴ ግን አላወቀም። መስማት ደከመው እንጂ አላወቀም።

ለራሱ ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልተጨነቀ። ከሪራ ጫካ ማር እየጫነ፣ የሰነቴን አምባ እያቋረጠ ጎባ ገበያ ሲያወርድ ዓመታት አልፈዋል፤ በአሮጌ ሞተር፣ ያለ ምንም ኤቢኤስ። ወድቆም ያውቃል፤ ልብሱን አራግፎ ተነሥቷል። ጭንቁ እናቱ ናት።

እናቱ ወይዘሮ ቀለሟ በሪራ መንደር፣ ከእኅቱ ከሌንሳ ጋር ትኖራለች። ልቧ ደካማ ነው። ጎባ ሆስፒታል እየተመላለሰች፣ ሐኪሙ እያያት፣ መድኃኒቷን ሲጨምር ሲቀንስ ነበር ያቆያት። ከደሎ መና የሚመጣው አውቶቡስ ሪራ ሲደርስ ጢም ብሎ ሞልቶ ነው፤ ያበጡ እግሮቿ ደግሞ መቆም አይችሉም። ስለዚህ ሁንዴ ወገቧን ከወገቡ ጋር በነጠላ አስሮ በሞተሩ ያመላልሳት ነበር። አንድ ቀን ግን ከሰነቴ ወደ ጎባ ሲወርዱ፣ ዝናብ ባረሰው መንገድ ላይ በጎች ገቡበት። የእግር ፍሬኑን ረገጠ። የኋላው ጎማ ደርቆ ወደ ጎን ሸሸ፤ ሞተሩ ተጋደመ፤ እናትና ልጅ እንደ ታሰሩ ጭቃው ውስጥ ተንከባለሉ። አጥንት አልተሰበረም። እናቱ ግን ተነሥታ ነጠላውን ከወገቧ ፈታች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። "ከእንግዲህ በሞተር የሚሄደው ሬሳዬ ነው" አለች። በቀስታ ስለ ተናገረችው ሁንዴ ቁርጥ ነገር መሆኑን ያን ጊዜውኑ አወቀ።

ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል አልሄደችም። መድኃኒቱን ብቻ ወስዶ ሊያቀብላት ቢሞክር ሐኪሙ፣ "ሳላያቸው እንዲሁ አልሰጥህም፤ እናትህን አምጣቸው" አለው። ሌንሳ ደግሞ በስልክ፣ "እግሯ ብሶበታል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ተደግፋ ነው የምታድረው" አለችው።

"አዲስ ሞተር ልገዛ ነው" አላት። "የማይጥል ሞተር። አዮን እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።"

እናቱን አዮ ነው የሚላት። የማይጥል ሞተር መኖር አለመኖሩን እንደማያውቅ ትዝ ያለው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነበር።

ጋሼ ዳቢሴ ጎባ ውስጥ ጋራዥ አላቸው፤ ጋራዥ ይባል እንጂ የቆርቆሮ ጥላና አንድ ባሕር ዛፍ ነው። በሪራ መንገድ የሚሠሩ ሞተረኞች ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ከእነሱ መካከል አዲስ ሞተር የገዛ ሰው፣ ጋሼ ዳቢሴ የፊት ፍሬኑን ሳያላሉለት ወደ ሰነቴ አይወጣም። ልማድ ነው። "ፊቱን ያላሉልኝ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ምርቃት ቆጥረው በነፃ ያላሉለታል። የፊት ፍሬን ይዞ በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ስለ ቀረ አንድ የድሮ ሞተረኛ ይተርካሉ፤ ሲጨርሱም "የፊት ፍሬን የጌታውን ጥርስ ነው የሚቆጥረው" ይላሉ። የሪራ መንገድ ሰው በእግሩ ይይዛል፣ በማርሽ ያዘገያል። የቀኝ እጁ ጣቶች ነዳጅ ለመስጠት እንጂ ለሌላ ሥራ የተፈጠሩ አይመስለውም።

"ኤቢኤስ?" አሉ ጋሼ ዳቢሴ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ስማ ልጄ። ጠጠር ላይ ጎማህ ደርቆ ሲጎተት ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ፣ እንደ ታኮ ሆኖ ያቆምሃል። ኤቢኤስ ግን እንዳይደርቅ ብሎ ይለቀዋል። ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ ይይዘዋል። አንተ ገደሉ አፋፍ ስትደርስ እሱ ገና ያመነታል።"

"ያድናል የሚሉም አሉ እኮ፣ ጋሼ።"

"እነማን? ዳቦ ሻጯ?"

ተራ የሚጠብቁት ሞተረኞች በሳቅ ፈረሱ። ሁንዴ አንገቱን ደፋ። የዳቦ ቤቱ ወሬ እዚህ ድረስ መምጣቱ ገረመው።

"እማማ ቀለሟ እንዴት ናቸው?" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ደኅና አይደለችም።"

"እግዜር ይማራቸው። ለእሳቸው ብለህ ነው አይደል የምትጨነቀው? እንግዲያው ጥሩ ጎማ ግዛ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ፊቱን እኔ አላላልሃለሁ።"

በማግስቱ ሮቤ ሄደ። ሞተር ሻጩ ዳግማዊ የሁንዴ እኩያ ነው፤ ብዙ የማይናገር ሰው በመሆኑ ሁንዴ ገና ሲያየው ወደደው። ሁለት ቀያይ ሞተሮች ጎን ለጎን አቆመለት። አንዱ ኤቢኤስ አለው፤ አንዱ የለውም። በዓይን የሚታየው ልዩነት የፊት ጎማው ላይ ያለች አንዲት ጥርሳም ቀለበት ብቻ ናት።

"የኋላውስ ቀለበት የት አለ?" አለ ሁንዴ ጎንበስ ብሎ።

"የኋላው የለውም። የዚህኛው ኤቢኤስ የፊቱን ጎማ ብቻ ነው የሚጠብቀው።"

ሁንዴ ቀና አለ። "እኛ እኮ ፊቱን አንነካም።"

"እናንተ እነማን?"

"የሪራ መንገድ ሰዎች።"

"ታዲያ በምንድን ነው የምትቆሙት?"

"በእግራችን" አለ ሁንዴ፤ ትንሽ አሰበና፣ "በጸሎትም" ብሎ ጨመረበት።

ዳግማዊ ሳቀ። ከዚያ ሻጭ የማይናገረውን ነገር ተናገረ፦ "እንግዲያውስ አትግዛው፣ ወንድሜ። ለማትነካው ፍሬን ለምን ትርፍ ትከፍላለህ?"

ሁንዴን ከሮቤ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መመለስና መተኛት ነበር ያማረው። ዳግማዊ ግን ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። "ና፤ ካልያዝከው አታውቀውም።"

ከሱቁ ጀርባ፣ በስንዴ ማሳዎች መካከል የሚያልፍ ጠጠር መንገድ አለ። ሌሊቱን ሲያካፋ ስላደረ ርሷል። ዳግማዊ ጫፉ ላይ አንድ እንጨት ተከለና "እዚህ ስትደርስ ያዝ" አለው። ሁንዴ መጀመሪያ እንደ ለመደው በእግሩ ያዘ። የኋላው ጎማ ደረቀ፤ ሞተሩ ቂጡን ወደ ግራ ጣለ፤ እግሩን መሬት ሰዶ ደገፈውና ቆመ። ዞሮ ተመለሰ። በሁለተኛው ላይ እግሩን አነሣ። ጥርሱን በምላሱ ዳሰሰ። ከዚያ እንደ ሰረቀ ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ የፊት ፍሬኑን እጀታ በጣቶቹ ጨመቀ።

እጀታው ከጣቶቹ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ በእጅ እንደ ተያዘች ወፍ። በመሪው ላይ የተሽቀነጠረ ሰው የለም። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ሁንዴ ዓይኑን ሲገልጥ ግን በእግሩ ከቆመበት ቦታ አልፎ ነበር፤ ብዙ አልፎ።

"ረዘመ" አለ።

"ጠጠር ላይ ይረዝማል" አለ ዳግማዊ። "እርጥብ አስፋልት ላይ ያሳጥርልሃል። ጠጠር ላይ ግን አልዋሽህም።"

ጋሼ ዳቢሴ እውነታቸውን ነበር ማለት ነው። ሁንዴ ከሞተሩ ወርዶ መሬቱን እያየ ቆመ። ሁለቱ ዱካዎች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የእግሩ አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ ግን እንደ ማጭድ ተቆልምሟል። የእጁ ረጅም ነው፤ ረጅምና ቀጥ ያለ። የማጭዱን ጫፍ አየው። ያን ቀን እናቱ የወደቀችው እንዲህ ባለች ጫፍ ላይ ነው። በጎቹ ሩቅ ነበሩ፤ አንዲቷንም አልነካም። መንገዱም ከፊታቸው ባዶ ነበር። የወደቁት መቆሚያ አጥሯቸው አልነበረም።

የሚፈጥን ሰው አጥሮ መቆም ያስፈልገው ይሆናል። እሱ እናቱን ጭኖ መቼ ሊፈጥን ነው? እሱ የሚፈልገው ሳይወድቅ መቆም ነው።

"ቀለበት ያለውን ስጠኝ" አለ።

ጎባ ሲመለስ፣ እናቱ የምትደገፍበት ብረት ከኋላ ወንበር ላይ እንዲበየድለት ወደ ጋሼ ዳቢሴ ወሰደው። የትኛውን እንደ ገዛ አልነገራቸውም፤ እሳቸው ቀለበቷን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፊቱን አይንኩብኝ" ማለት ነበረበት። ሊላቸው አፉን ከፈተም። ነገር ግን ያን ካላቸው "ለምን?" ይሉታል፤ ሞተረኞቹ ይሰበሰባሉ፤ ጠጠርና ገደል፣ ጥርስና ዳቦ ሻጭ እንደ ገና ከመጀመሪያው ሊጀመር ነው። ስለ ፍሬን ከማንም ሰው ጋር አንዲት ቃል የመነጋገር ዐቅም አልነበረውም። ባሕር ዛፉን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ብየዳው ሲንጣጣ እንቅልፍ ወሰደው።

ሰነቴን ያቋረጠው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል። ከአምባው ወደ ሪራ የሚወርደውን ጠመዝማዛ በማርሽ እያጓራ ወረደው፤ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ፣ ስለ አዲሱ ፍሬን ለአዮ የሚነግራትን በልቡ እያሰናዳ። ልቡ ደስ ብሎት ነበር።

እናቱ በር ላይ፣ እግሮቿን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል። ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"የማይጥል ሞተር አለ አሉኝ።"

"አለ፣ አዮ። ይኸው።"

"አይጥልም ያለው ማነው?"

"እኔ ነኛ።"

"አንተማ ያኛውንም አይጥልም ብለኸኝ ነበር፣ ኢልማ ኮ።" ልጄ ማለቷ ነው፤ እንዲህ የምትለው ስትራራለትም ስትቀጣውም ነው። ትንፋሿን ሰበሰበች። "እኔን የሚያክል ነገር ጫንበትና አሳየኝ።"

ሌንሳ የገብስ ጆንያ እየጎተተች አመጣች። መደገፊያው ላይ አስቀምጠው በነጠላ አሰሩት፤ ሌንሳ የእናቷን ሻርፕ ጫፉ ላይ ሸብ አደረገችበት። "አዮ፣ አንቺ እኮ ከዚህ ትከብጃለሽ።"

"ድሮ ነዋ! አሁን ምን ቀረኝ?"

ሁንዴ ወደ ላይ ወጣና ዞረ። በቀስታ ቁልቁል መጣ። ከበሩ ፊት ለፊት ሲደርስ፣ እናቱ በደንብ እንድታይለት ቀና ብሎ የፊቱን ፍሬን ጨመቀ። እጀታው ቅቤ ውስጥ እንደ ገባ ቢላ ሰጥሞ ከመሪው ጋር ገጠመ። ምንም የያዘ ነገር የለም። እግሩ ሳያዘው ረገጠ። የኋላው ጎማ ደረቀ፤ ሞተሩ ተጋደመ፤ ጆንያው ሻርፑን እንደ ጠመጠመ ወርዶ ሆዱ ተቀደደ። ገብሱ ቁልቁል ፈሰሰ። የጎረቤት ዶሮዎች ከየት መጡ ሳይባል ደረሱ።

"ወደቅኩ" አለች እናቱ።

ማንም አልሳቀም። ሁንዴ ክርኑን ይዞ ተነሣ፤ እጀታውን ደጋግሞ ጨመቀው፤ ባዶ ነው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ጋሼ፣ የፊት ፍሬኔን ነክተውታል?"

"ነካሁ እንጂ!" አሉ ጋሼ ዳቢሴ። "ተኝተህ ስታንኮራፋ ዘይቱን ትንሽ አስተነፈስኩልህ። ልቀስቅስህ ብል አሳዘንከኝ። ምነው፣ በዛ እንዴ?"

ለክፋት አልነበረም። ለእማማ ቀለሟ ብለው፣ በነፃ፣ ምርቃታቸውን ጨምረው ነው። ሊቆጣ ፈልጎ ቁጣው አልመጣለት አለ።

"ከትናንት ጀምሮ ነው እንግዲህ የተላላው?"

"ከትናንት ነዋ፤ ስበይድልህ። ቆይ፣ አሁን የት ነህ?"

"ሪራ።"

"ታዲያ ሰነቴን ሙሉ ስትመጣ አላየኸውም?"

ሁንዴ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዷል። በጉም ውስጥ መጥቷል። ስለ ፊት ፍሬን በልቡ ሲናገር ነው የመጣው፤ ጣቶቹ ግን ከጎባ እስከዚህ ድረስ አንድም ጊዜ እጀታውን አልነኩትም። ያላላው የጋሼ ዳቢሴ እጅ ብቻ አልነበረም።

"ጋሼ፣ እንዴት እንደሚጠብቅ ይንገሩኝ።"

"አንተ ልጅ፣ የራሴን ሥራ በራሴ አፍ ታስፈርሰኛለህ" አሉ። ግን ነገሩት። ሚስማርና የሞተር ዘይት ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ ብልቃጥ የፍሬን ዘይት ተገኘ። ሌንሳ እጀታውን ትጨምቃለች፤ ሁንዴ ከታች ያለችውን ቡሎን ይከፍታል፤ አየሩ ይወጣል፤ ይዘጋል። ስልኩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ "ጨምቂ! ያዢ! አሁን ልቀቂ!" እያለ ይጮኻል። እጀታው ቀስ በቀስ ጠጠረ።

እናቱ ግን ጀርባዋን ሰጥታቸው ገብታለች። "አሁን ይሠራል፣ አዮ" ቢላት፣ "ይሥራ፤ ምን አገባኝ" አለችው ከውስጥ።

ሁንዴ ያን ቀን አልለመናትም። የተቀደደውን ጆንያ ሌንሳ ሰፋችው፤ የቀረውን ገብስ ሞሉት፤ የጎደለውን በአሸዋ ተኩ። በማግስቱ ጠዋት ጆንያውን አስሮ ያችኑ ቁልቁለት ወረደ፤ በእጁ ያዘ፤ ቆመ። ወጣ፤ ወረደ፤ ያዘ። እግሩ እየቀደመው ተቸገረ። በስተመጨረሻ የቀኝ እግሩን ጫማ አውልቆ ነዳ፤ ባዶ እግሩ የፍሬኑን ብረት ሲነካ ብርዱ "ተው" ይለዋል። ከሪራ የሚያልፉ ሞተረኞች ቆመው አዩት። "ሁንዴ፣ ጆንያዋን ልታገባት ነው?" አለው አንዱ። ሌላው ጥርሱን በጣቱ እያሳየ አለፈ። ሁንዴ ፊቱ ቀልቶ እንደ ገና ሽቅብ ወጣ። ማር መጫኑን ትቶ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም እንደዚሁ አደረገ። ጎኑ ዝሏል። ማታ ሌንሳ እራት ስታቀርብ ቀኝ እጁ ጉርሻ መጠቅለል እምቢ ይለው ነበር።

እናቱ በመጀመሪያ በበሩ ስንጥቅ አየች። ከዚያ በርጩማዋን ይዛ ወጣች። ጎማውን አላየችም፤ ጆንያውንም አላየችም። የምታየው የልጇን እጅ ነበር። አንድ ጠዋት የጎረቤት ውሻ ሳይታሰብ ከአጥር ወጥቶ ከፊቱ ገባ፤ ሁንዴ ሳያስብ ያዘ፤ ባዶ እግሩ ብረቱን አልነካም። ሞተሩ ረዘም ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሻው ዞር ብሎ አይቶት ሄደ።

"ጆንያውን አውርደው" አለች እናቱ። "አሸዋ ሐኪም አያስፈልገውም።"

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ሌንሳ ነጠላውን ወገባቸው ላይ አሰረች። ሰነቴ ላይ ጉሙ ከመንገዱ ዳር ያለውን ድንጋይ እንኳ ደብቆታል። እናቱ ጉንጯን ጀርባው ላይ አስደግፋ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ታንጎራጉራለች፤ ሲደክማት ታቆማለች። ሁንዴ በዝግታ ነው የሚሄደው። ድንገት ጉሙ ውስጥ አንድ ጥቁር ግድግዳ ቆመ፤ መብራቱን ያጠፋ፣ መንገዱ መካከል የተበላሸ አይሱዙ ነው። ሁንዴ ጨመቀ። እጀታው ተርገፈገፈ። ጠጠሩ ከሥር ተንሸራተተ፤ ረዘመ፤ አምላኬ ረዘመ፤ የአይሱዙው የኋላ ሳንቃ እየሰፋ መጣ፤ የተጻፈበት ፊደል ታየው። እግሩ ልርገጥ አለው። አልረገጠም። ሞተሩ እጁን ቢዘረጋ ሳንቃውን ከሚነካበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለት እግሮቹን መሬት አደረገ።

"ምን ሆንን?" አለች እናቱ።

"ቆምን።"

"ሳንወድቅ?"

"ሳንወድቅ።"

ልቧ በጀርባው በኩል ሲመታ ይሰማዋል፤ የማን ልብ እንደ ሆነ ግን መለየት አቃተው። "ይኼ ሰውዬ መብራት የለውም እንዴ?" አለች ቀጥላ። "ሾፌሩን ጥራልኝ፤ እናት የሌለው ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው!"

"አዮ፣ ሐኪሙ ጋ ይረፍድብናል።"

"ይርፈድ እንጂ! ጥራው!"

ሾፌሩ ከመኪናው ሥር በዘይት ተለውሶ ብቅ አለ። ስድቧን ቆሞ ሰማ፤ "ይቅርታ፣ እማማ፤ ባትሪው ሞቶብኝ ነው" አላት፤ እሷም "እንግዲያው ቅጠል ቁረጥና ከኋላህ ጣል" ብላ መከረችው። ከዚያ ሁንዴን በትከሻው ነካ አደረገችውና ሄዱ።

ጎባ ሲደርሱ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ሰልፉ ረዝሟል። ከሞተሩ ራሷን ችላ መውረድ ስላቃታት ዐቅፎ አወረዳት፤ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጥግ አስቀመጣት። አጠገቧ ተቀመጠ። የቀኝ እጁ ጣቶች እንደ ታጠፉ ቀርተዋል፤ እጀታውን የያዙ ይመስል አልዘረጋ አሉት። ሊደብቃቸው ኪሱ ውስጥ ሊከት ሲል እናቱ እጁን ያዘችው። አንድ በአንድ፣ ከትንሿ ጣት ጀምራ እያሸች ትዘረጋቸው ጀመር፤ እሷም ትንፋሽ እያጠራት፣ አረፍ እያለች። ተራቸው እስኪደርስ ገና ብዙ ሰው አለ። ሁንዴ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ዓይኑን ከደነ።